ፈራጁ በርበሬ ነው፦ የኤሚሊያ ቀይ ወይን በምዕራብ ጎጃም ማዕድ ሲመዘን

በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በደምበጫ ከተሞች ሰርግ ላይ ከጠላው ገንቦና ከጠጁ ብርሌ ጎን የወይን ጠርሙስ ማየት ብርቅ መሆኑ ቀርቷል። የሙሽሮቹ ጠረጴዛ ያለ እሱ ጎዶሎ ይመስላል፤ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ዘመድም ባዶ እጁን ላለመግባት ከሚይዛቸው ነገሮች አንዱ ሆኗል። ጠርሙሱ ግን ብቻውን አልመጣም፤ ስለ ወይን የሚነገር ፍርድም አስከትሏል። ፍርዱ፣ ወይን የሚያውቅ ሰው ስኳር የሌለበትን ደረቅ ወይን ይመርጣል፣ ጣፋጩን የሚፈልግ፣ ይባስ ብሎም ቀዩን ከኮካ ጋር የሚቀላቅል ገና አልሠለጠነም የሚል ነው። በሆቴል ቤት በአስተናጋጅ ፈገግታ፣ በሰርግ ቤትም ከከተማ በመጣ ወንድም ቀልድ ይገለጻል።

ይህ ፍርድ የተበየነው ግን ለሌላ ማዕድ ነው። ቀይ ወጥና ቅቤ በሌሉበት፣ እንጀራም በማይበላበት አገር የተለካ ልክ ነው። በጎጃም ማዕድ ላይ ወይኑ የሚጋጠመው ከበርበሬ ጋር ስለሆነ፣ ቀዝቀዝና ጣፈጥ ያለ፣ አልኮሉም ያልበረታ ቀይ ወይን የሚፈልግ እንግዳ ትክክል ነው። ለዚህ ከሁሉ የተሻለው ምስክር ደግሞ ከራሷ ከጣሊያን ይገኛል፤ በኤሚሊያ አካባቢ፣ በሞዴናና በሬጆ ኤሚሊያ ሜዳ የሚጠመቀው ላምብሩስኮ።

ጠርሙሱ በየት በኩል መጣ

ለጎጃም እንግዳው ጠርሙሱ እንጂ ወይኑ አይደለም። በየደብሩ ለቅዳሴ የሚቀርበው ወይን ዘቢብ በውኃ ተዘፍዝፎ፣ ተጨምቆና ተጠልሎ የሚዘጋጅ ነው። ነገር ግን ያ ከመቅደስ አይወጣም፤ ከምሳ ጋር የሚቀዳ መጠጥም ሆኖ አያውቅም። ድግሱ የጠጅና የጠላ ነበር፤ ከተበላ በኋላ ደግሞ የዳጉሳ አረቄ ይከተላል።

ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የምግብ ልማዳቸውን ይዘው መጥተው ነበር። ማካሮኒውና ማኪያቶው በአዲስ አበባ ሥር ሰድደዋል። ጎጃም ግን ሌላ ታሪክ ነው። ዐርበኛው እንቅልፍ ስለነሳቸው ጣሊያኖች ከምሽጋቸው ርቀው መኖር አልቻሉም፤ ስለዚህ ምግባቸውም መጠጣቸውም ከምሽጉ እምብዛም አልወጣም። በየካቲት 1933 ዓ.ም. መጨረሻ ቡሬን ለቀው ወደ ደምበጫ ሲያፈገፍጉ በገጠሩ ገበታ ላይ የተዉት ነገር ቢኖር ጥቂት ነው። ወይን ወደ ምዕራብ ጎጃም የገባው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ ያመጣውም ከአዲስ አበባ የሚነሳ የጭነት መኪና ነበር።

መኪናው ለረጅም ጊዜ የጫነው የአዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካን ምርት ነው። ደረቁ ጉደርና ጣፋጩ አክሱማይት ለብዙ ኢትዮጵያዊ የመጀመሪያ የወይን ትምህርት ናቸው። በደርግ ጊዜ በመንግሥት እጅ የነበረው ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ2013 ወደ ግል ዞረ። በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ የፈረንሳዩ ካስትል ኩባንያ ዝዋይ ላይ ከተከላቸው የሜርሎ፣ የሲራ፣ የካቤርኔ ሶቪኞንና የሻርዶኔ ተክሎች የጠመቀውን ገበያ ላይ አዋለ። ደረቆቹን ሪፍት ቫሊ አላቸው፤ ከፊል ጣፋጭ ለሚወደው ደግሞ አካሺያን አቀረበ። የፈረንሳዩ ኩባንያ እንኳ በኢትዮጵያ ገበያ ለጣፋጩ የተለየ ስም አውጥቶ ቦታ መስጠቱ ብዙ ይናገራል።

የጎጃም መሬት ራሱ የወይን ወረዳ ይሆናል ብሎ መጠበቅ ግን አይገባም። መራዊ አጠገብ ያለው የቆጋ መስኖ ወደ 7 ሺህ ሄክታር መሬት ለማጠጣት የተሠራ ነው፤ ስንዴው፣ ሽንኩርቱ፣ አቮካዶው ይበቅልበታል። ለወይን ተክል ግን የአካባቢው ችግር የውኃ እጥረት አይደለም። ከሰኔ እስከ መስከረም የሚወርደው ዝናብ ቅጠሉን በሻጋታ ይመታዋል። ዝዋይ የተመረጠው ዝናቡ አነስ ያለ፣ ውኃውም በልክ የሚሰጥ ስለሆነ ነው። ስለዚህ የጎጃም ጉዳይ ወይን መትከል አይደለም፤ ከመጣው ወይን ውስጥ የትኛው ከገበታው ጋር ይስማማል የሚለው ነው።

በርበሬው አፍ ውስጥ የሚሠራው

ቡሬና ጃቢ ጠህናን በበርበሬ የታወቁ ወረዳዎች ናቸው። በመኸር በየጣሪያውና በየግቢው ተሰጥቶ የሚደርቀው ቀይ በርበሬ ለገበሬው የጥሬ ገንዘብ ምንጭ፣ ለጓዳው ደግሞ የቀይ ወጥ ሁሉ መሠረት ነው። ስለዚህ እዚህ አገር «ከምን ወይን ጋር ምን ምግብ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ጥያቄውን ከበርበሬ መጀመር አለበት።

በርበሬ የሚያቃጥለው ካፕሳይሲን በሚባል ንጥረ ነገር ነው። ንጥረ ነገሩ የሚያርፍበት የነርቭ መቀበያ የእሳትን ሙቀት የሚለየው ያው መቀበያ መሆኑ እ.ኤ.አ. በ1997 ታወቀ፤ ግኝቱን የመሩት ዴቪድ ጁሊየስም እ.ኤ.አ. በ2021 የሕክምና ኖቤል ሽልማትን ከአርደም ፓታፑቲያን ጋር ተጋርተዋል። ለወይን ጠጪ ዋናው ነገር ግን ከዚያ በኋላ የተገኘው ነው። ኔቸር ኒውሮሳይንስ በተባለው መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ይህ መቀበያ «ተቃጠልኩ» የሚለው በ42 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲሆን፣ አልኮል ሲያገኘው ግን ልኩ ወደ 34 ዲግሪ ይወርዳል። የአፋችን ሙቀት ከ34 በላይ ነው። ስለዚህ በርበሬ ያጋለውን ምላስ ብርቱ አልኮል ያለው ወይን ሲነካው፣ የራሱ የአፍ ሙቀት እንኳ እሳት ይሆንበታል።

ሁለተኛው ታኒን ነው። ከፍሬው ቆዳና ዘር የሚወጣ፣ ምላስን የሚያደርቅና ድድን የሚያኮማትር ነገር ነው። ከተጠበሰ ሥጋና ከጨው ጋር ሲገናኝ ይለዝባል፤ ባሮሎና ብሩኔሎ የመሳሰሉት የጣሊያን ታላላቅ ወይኖች በቀይ ሥጋ የሚወደሱትም ለዚህ ነው። በርበሬ በተቆጣ ምላስ ላይ ግን መድረቁና መቃጠሉ ተደራርበው ወይኑ መራራ ይመስላል። ውድ ጠርሙስ ከፍቶ ከዶሮ ወጥ ጋር የቀመሰና «ይህ ነው እንዴ ያሉን?» ያለ ሰው የቀመሰው ይህንን ነው።

ሦስተኛው እንጀራው ነው። ለቀናት በእርሾ የተብላላ ሊጥ ጎምዛዛ ነው፤ ጎምዛዛ ምግብ ደግሞ ጎምዛዛነት የሌለውን ወይን ሕይወት አልባ ያደርገዋል። አራተኛው ቅቤው ነው። ንጥር ቅቤ ምላስን ይሸፍናል፤ ሽፋኑን የሚገፍ ነገር ይፈልጋል፤ እሱም አሲድ ወይም አረፋ ነው።

እነዚህ አራቱ ሲደመሩ ለቀይ ወጥ የሚስማማው ወይን መልኩ ይታያል። አልኮሉ ቀለል ያለ፣ ታኒኑ ጥቂት፣ አሲዱ ንቁ፣ ጥቂት ስኳር ያለው፣ ቀዝቅዞ የሚጠጣ፣ ቢቻል አረፋ ያለው። ስኳሩ ቃጠሎውን ያበርዳል፤ ቅዝቃዜውም እንደዚሁ። አረፋው ቅቤውን ይጠርጋል፤ ምንም እንኳ በጣም ከበረታ ራሱ ምላስ ስለሚቆነጥጥ ለስለስ ያለው ቢመረጥም።

ከኤሚሊያ የመጣ ምስክር

እንዲህ ያለ ወይን ጣሊያን ውስጥ ከጥንት ጀምሮ አለ። ላምብሩስኮ የአንድ ፍሬ ስም ሳይሆን የቤተሰብ ስም ነው። የሶርባራው ቀላ ያለና አሲዱ የሚነዝር፣ የካስቴልቬትሮው ግራስፓሮሳ ጥቁር ቀይና ታኒን ያለበት፣ የሳንታ ክሮቼው ሳላሚኖ ደግሞ በሁለቱ መካከል ነው። ሦስቱም እ.ኤ.አ. በ1970 በትውልድ ቦታቸው ስም በሕግ ተጠብቀዋል። አልኮላቸው ብዙውን ጊዜ ከመቶ 11 አካባቢ ነው፤ ከባሮሎ በብዙ ያንሳል።

አረፋው መጀመሪያ የአየር ንብረቱ ውጤት ነበር። በኤሚሊያ ክረምት ብርዱ ሲበረታ መብላላቱ ይቆማል፤ በጸደይ ሙቀት ሲመለስ የቀረው ስኳር በጠርሙሱ ውስጥ እንደገና ይብላላና አረፋ ይሆናል። ፌዴሪኮ ማርቲኖቲ የተባሉት ጣሊያናዊ እ.ኤ.አ. በ1895 ይህን ሁለተኛ መብላላት በታሸገ ትልቅ ጋን ውስጥ ማድረግ የሚያስችል ዘዴ አስመዘገቡ፤ ዛሬ አብዛኛው ላምብሩስኮ የሚመረተው በዚያው መንገድ ነው።

የኤሚሊያ ማዕድ የስብ ማዕድ ነው። የፓርማ አይብ፣ የቦሎኛ ሞርታዴላ፣ የሞዴና ዛምፖኔ፣ በስብ የተጠበሰ ቂጣ፣ በመረቅ የቀረበ ቶርተሊኒ። የአካባቢው ሰው ከዚህ ሁሉ ጋር ቀዝቃዛ፣ አረፋማ ቀይ ወይን የሚጠጣው ስቡን የሚጠርግለት ስለሆነ ነው። ከዚያ በስተሰሜን በማንቱዋ ደግሞ ላምብሩስኮውን ከነአረፋው ትኩስ መረቅ ውስጥ አፍስሶ መጠጣት የቆየ ልማድ ነው። ወይን ከሌላ ነገር ጋር መቀላቀል አለማወቅ ነው የሚል ሰው ይህን ቢያይ ማንቱዋንም አላዋቂ ሊል ነው።

ላምብሩስኮ ከአገሩ ወጥቶም ያየው ፍርድ አለ። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ (እ.ኤ.አ.) ባንፊ የተባለው የአሜሪካ አስመጪ የሬጆ ኤሚሊያን የሪዩኒቴ ማኅበር ጣፋጭ ላምብሩስኮ ወደ አሜሪካ ወሰደ። በቴሌቪዥን ማስታወቂያ በበረዶ እንዲጠጣ ተነገረለት፤ ለዓመታትም አሜሪካ ከውጭ ከምታስገባቸው ወይኖች በሽያጭ ቀዳሚው ሆነ። የወይን ጠበብት ግን ለስላሳ መጠጥ ነው ብለው ናቁት። የሚያስገርመው ቀጥሎ የሆነው ነው። ባንፊ ከዚያ ንግድ ባገኘው ገንዘብ እ.ኤ.አ. በ1978 በጣሊያኗ ሞንታልቺኖ ሰፊ መሬት ገዝቶ፣ ጠበብቱ የሚያወድሱትን ደረቁን ብሩኔሎ ማምረት ጀመረ። የተከበረው ወይን በተናቀው ወይን ትርፍ ተተከለ ማለት ነው።

ላምብሩስኮ ስሙን መልሶ ያገኘውም ባሮሎን በመምሰል አይደለም። ጥሩ ጠማቂዎች ፍሬውን ቀንሰው ጥራቱን ጨመሩ፤ የጣፋጭነቱን ደረጃ በጠርሙሱ ላይ በግልጽ ጻፉ፤ ከሁሉም በላይ ወይኑን ወደ ተወለደበት ማዕድ፣ ወደ አይቡና ወደ ሥጋው መለሱት። በዚያ ማዕድ ላይ ሲቀርብ የሚከራከረው ሰው ጥቂት ነው።

ወደ ጎጃም ገበታ

ላምብሩስኮን ፍኖተ ሰላም ውስጥ ፈልጎ ማግኘት ቀላል አይደለም። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. መንግሥት የውጭ ምንዛሪ ከከለከላቸው 38 የዕቃ ዓይነቶች መካከል የአልኮል መጠጦች ነበሩ። እገዳው ከተነሳ በኋላም የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ በመለቀቁ ከውጭ የሚመጣ ጠርሙስ ዋጋው ሰማይ ነክቷል። ሊወሰድ የሚገባው ጠርሙሱ ሳይሆን ልኩ ነው፤ በዚያ ልክ የአገር ውስጡን መምረጥ ይቻላል።

ዶሮ ወጥ፣ ቀይ ወጥና ዱለት ባሉበት ከፊል ጣፋጭ ቀይ ወይን፣ አካሺያን የመሰለ፣ ከመቅረቡ በፊት ግማሽ ሰዓት በቀዝቃዛ ውኃ ባልዲ ውስጥ ቢቆም ይበቃዋል። ቀይ ወይን አይቀዘቅዝም የሚለውን ለባሮሎ መተው ነው። የዶሮ ወጥ ሽንኩርት ለሰዓታት በመብሰሉ የራሱ ጣፋጭነት ስላለው፣ ደረቅ ወይን አጠገቡ ሲቀርብ ይጎመዝዛል፤ ጣፈጥ ያለው ግን እኩያው ይሆናል።

ጥብስ በበርበሬ ካልታሸ፣ በሽንኩርትና በጥብስ ቅጠል ብቻ ከመጣ፣ ደረቁ የሪፍት ቫሊ ሜርሎ ወይም ጉደር ቦታውን ያገኛል። ሥጋውና ስቡ ታኒኑን ያለዝቡታል። ቁርጥ ሥጋ ላይ ደግሞ ሕጉ በማባያው ይወሰናል፤ ሥጋው ደረቁን ወይን ይፈቅዳል፣ አዋዜና ሚጥሚጣው ይከለክላሉ። አልጫና ቅቅል እርዱንና ዝንጅብሉን ይዘው ስለሚመጡ ቀለል ያለ ነጭ ወይን ወይም ታኒኑ ያነሰ ቀይ ይበቃቸዋል። ድፎ ዳቦው ሲቆረስ አክሱማይት ቢቀዳ አይከፋም። ሽሮ በቅቤም ከቀይ ወጥ ወገን ነው። በጾሙ ወራት፣ በተለይ በሁዳዴ፣ ብዙው ሰው መጠጡንም አብሮ ስለሚተው የወይኑ ጥያቄ የፍስክ ጥያቄ ነው።

አሁን ወደ ተናቀው ኮካ እንመለስ። ከመቶ 12 አልኮል ያለው ደረቅ ቀይ ወይን ከኮካ ጋር እኩል ሲቀላቀል አልኮሉ ወደ 6 ይወርዳል። በኮካ ውስጥ በሊትር ከ100 ግራም ትንሽ በለጥ የሚል ስኳር ስላለ፣ ድብልቁ በሊትር 50 ግራም አካባቢ ይሆናል። በጣሊያን የላምብሩስኮ ደንብ አረፋማ ከፊል ጣፋጩ ከ30 እስከ 50 ግራም ነው፤ ከ45 በላይ ያለው ጣፋጭ ሊባል ይችላል። ስለዚህ የሰርጉ እንግዳ በብርጭቆው ውስጥ አልኮሉን ቀንሶ፣ ታኒኑን አቅጥኖ፣ ስኳሩን ጨምሮ፣ አረፋና ቅዝቃዜ አክሎ ወደ ላምብሩስኮ ልክ ተጠግቷል። ጥሩ ወይን ሆነ ማለት አይደለም፤ የኮካው ቅመም የፍሬውን ጣዕም ይውጠዋል። ነገር ግን ምላሱ የጠየቀው ትክክል ነበር፤ የጎደለው የሚስማማ ጠርሙስ ነው።

የሚነሱት ተቃውሞዎች

ጣፋጭ ወይንን መከላከል ቀላል ያልሆነባቸው ሁለት ነጥቦች አሉ። አንደኛው፣ ስኳር ጉድለት ይሸፍናል። ያልበሰለ ፍሬና በንጽሕና ያልተጠመቀ ወይን በጣፋጭነት ሊደበቅ ይችላል፤ ሪዩኒቴ በተናቀበት ዘመን ከክሱ የተወሰነው እውነት ነበር። መልሱ ግን ጣፋጩን መተው ሳይሆን ጥሩውን ጣፋጭ መጠየቅ ነው፤ አሲዱ ካልተሰማ፣ ወይኑ ከዋጡት በኋላ ሽሮፕ ብቻ ከሆነ ጉድለት አለበት። ሁለተኛው፣ ጣፋጭ መጠጥ አልኮሉ ሳይሰማ ይጠጣል። ይህ በተለይ ለወጣቱ አደጋ ነው። ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በሰርግ ቤት አይሠራም ብሎ የሚያስብ ካለ፣ የደጋሹ ኃላፊነት ይበልጥ ይከብዳል።

ሦስተኛ ሊነሳ የሚችለው ደግሞ ከጎጃም ራሱ ነው። ይህ ሁሉ ልክ ከተዘረዘረ ጠጁስ? ጥያቄው ትክክል ነው፤ ጠጅ እዚህ ከተዘረዘሩት መመዘኛዎች አብዛኛውን ያሟላል። የማሩ ጣፋጭነት በርበሬውን ያበርዳል፤ ታኒን የለውም ማለት ይቻላል፤ የጌሾው ምሬት ቅቤውን ይቆርጣል፤ ገና እየበሰለ ያለው ደግሞ ለስላሳ አረፋ አለው። ጠጅ ቤትም ለስላሳ፣ መካከለኛና ደረቅ ብሎ ደረጃ ሲያወጣ ኖሯል፤ ጣሊያን በሕግ የጻፈችውን ዓይነት መለኪያ ጠጅ ጣዩ በልምድ ያውቀዋል። ቀይ ወጥ እየሠራ የኖረ ሕዝብ ለወጡ የሚሆን መጠጥ ሳያገኝ አልቀረም።

ታዲያ ጠጅ በሙሽሮቹ ጠረጴዛ ላይ ለጠርሙሱ ቦታ የለቀቀው ለምንድን ነው? ጣዕሙ ተሸንፎ አይደለም። የተሸነፈው በአመኔታ ነው። ማር ሲወደድ ስኳር የሚገባበት ጠጅ በዛ፤ ገዢው ብርሌው ውስጥ ያለው ማር ይሁን ስኳር የሚያረጋግጥበት መንገድ የለውም። ጠርሙሱ ቢያንስ ስም፣ የአልኮል መጠንና አምራች ተጽፎበታል። ላምብሩስኮ ውስጥ የነበረውም ችግር ይኸው ነበር፤ የፈታውም የቦታ ስም በሕግ መጠበቁ፣ የጣፋጭነቱ ደረጃ መጻፉና ጠማቂዎቹ ለጥራቱ አንድ ላይ መቆማቸው ነው።

ጠጅም በዚህ መንገድ እንዲሄድ የሚሆን መነሻ በአካባቢው አለ። ኢትዮጵያ ከአፍሪካ ቀዳሚዋ ማር አምራች ናት፤ ምዕራብ ጎጃምና ጎረቤቱ አዊ የማር አገር ናቸው። የግብርና ውጤትን በቦታው ለማቀነባበር የታሰበው የቡሬ የተቀናጀ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ተመርቋል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የአማራ ክልልን የያዘው ግጭት መንገዱንም፣ ገበያውንም፣ ሰርጉንም ስለጎዳ ይህን ለነገ ማቀድ የቅንጦት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ማር ሳይበላሽ የሚቆይ፣ በትንሽ ቤት የሚመረት፣ ብዙ መሬት የማይጠይቅ ሀብት ነው፤ ሰላም ሲገኝ ቶሎ ከሚነሱት መካከል ሊሆን ይችላል። የጠጅ ጣዮች ማኅበር መሥርቶ፣ ማሩ ከየት እንደመጣ፣ ስኳር እንዳልገባበት፣ ለስላሳ ወይም ደረቅ መሆኑን በጠርሙሱ ላይ የሚጽፍ ሰው ላምብሩስኮ በ50 ዓመት የሄደበትን መንገድ ከመካከሉ ይጀምረዋል።

እስከዚያው ለደጋሹ የሚሰጠው ምክር አጭር ነው። የወይኑን ዋጋና የአገሩን ስም ከማየት በፊት ከጎኑ የሚቀርበውን ወጥ ይይ። ወጡ ቀይ ከሆነ ከፊል ጣፋጩን ያቀዝቅዝ፤ አልጫ ወይም ጥብስ ከሆነ ደረቁን ይክፈት፤ የታመነ ጠጅ ካለው ደግሞ ለማንም ሳያፍር ከሙሽሮቹ ፊት ያስቀምጠው። ወይን ያውቃል የሚባለው ሰው በጎጃም የሚፈተነው ከቡሬ በርበሬ ጋር የሚሄደውን መለየት ሲችል ነው፤ በዚህ ፈተና ጣፋጩን የጠየቁት አያቶች ደረቁን ካዘዘው የልጅ ልጅ ይበልጣሉ።